ምዕራፍ 7፦ መጀመሪያ የሚያፈስበትን ያሳዩኝ

ከመኪናው ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ያየ ሰው ጋራዥ ደርሶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ገና አልደረሰም። ከእሱ በፊት ዘይቱ በትክክል ከየት እንደሚወጣ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣና ለምን እንደሚወጣ መታወቅ አለበት። እነዚህ ሳይታወቁ የተጠራ ዋጋ፣ ርካሽም ቢሆን ውድ፣ ግምት ነው። በግምት የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ክፍያ ያስከትላል፤ ጤነኛው ጋስኬት ተቀይሮ፣ የታመመው በቦታው ቀርቶ፣ ነጠብጣቡ ከሳምንት በኋላ እዚያው ይገኛል።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ይመለከተናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ዘለለ። እጃችን ላይ ያሉት ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ሃያሶች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው ማለት ነው። ያረጀ ሞተር ደግሞ ላስቲኩ በሙቀት ደርቆና ጠጥሮ ስለሚሰነጠቅ የሆነ ቦታ ዘይት ማስወጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የትኛው ማፍሰስ ያስቸኩላል፣ የትኛው ይቆያል የሚለውን መለየት የባለቤቱ ሥራ ሆኗል።

ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ እንመልከት። ከሞተሩ ግርጌ ያለው ቋት፣ መካኒኮች ኮፓ የሚሉት፣ በትንንሽ መኪናዎች ከ3 ሊትር ተኩል እስከ 5 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፖምፓው ከዚያ ስቦ፣ በፊልትሮ አሳልፎ፣ በቀጫጭን ቦዮች ወደ ክራንክ ሻፍቱና ወደ ላይኛው ካም ሻፍት በግፊት ይልከዋል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ግን የሚገፋው የለም። በራሱ ክብደት እየወረደ ወደ ኮፓው ይመለሳል። ሄዶ የሚመጣበት መንገድ እንግዲህ ሁለት ወገን አለው፤ ግፊት ያለበትና ግፊት የሌለበት።

ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው የግማሹን ምርመራ ቁልፍ ይዟል። ግፊት ባለበት ወገን ሞተሩ ሲሮጥ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባር ይደርሳል። ፊልትሮው፣ ፊልትሮው የሚታሰርበት አካል፣ የዘይት ግፊትን የሚያነበው ሴንሰር ያሉት እዚህ ነው። ከእነዚህ አንዱ በደንብ ከለቀቀ ኮፓው በደቂቃዎች ውስጥ ሊራቆት ይችላል። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሽፋን ጋስኬት፣ የኮፓው ጋስኬት፣ በክራንክ ሻፍቱ ጫፎች ላይ ያሉት ፓራሊዮ የሚባሉት የዘይት መከላከያ ላስቲኮች ግን ያሉት በሌላው ወገን ነው። እነሱ የሚከላከሉት የሚረጭና የሚወርድ ዘይትን ስለሆነ ሲያረጁ በመጀመሪያ ያልባሉ፣ ቀጥሎ ያንጠባጥባሉ፤ ከማላብ ወደ ማንጠባጠብ ለመድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳሉ። መካኒኩ «ከሴንሰሩ ነው» ካለዎት ክፍሉ ርካሽ ቢሆንም ያስቸኩላል። «ከቴስታታው ሽፋን ነው» ካለዎት አብዛኛውን ጊዜ ለማሰብም፣ ሁለተኛ ሰው ለመጠየቅም ጊዜ አለዎት።

የወደቀው ፈሳሽ የሞተር ዘይት መሆኑም መረጋገጥ አለበት። ማታ ከመኪናው ሥር ነጭ ካርቶን ያንጥፉ፤ የፊት ጎማዎቹ የቆሙበትን በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ። ጠዋት ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚያሟልጭ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም ከመሪ ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ጥርት ያለ ውኃ ከሆነ ከአየር ማቀዝቀዣው ስለሆነ ይተዉት። ጎማዎቹ የነበሩበት ምልክት ነጠብጣቡ ከየትኛው የሞተር ክፍል ትክክል እንደወደቀ ያሳያል። ካርቶኑን አይጣሉት፤ መካኒኩም ይየው።

ነጠብጣቡ የወደቀበት ቦታ ግን ቀዳዳው ያለበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ጣሪያ ሲያፈስ ውኃው ወራጁን ተከትሎ ሄዶ ሌላ ክፍል ውስጥ እንደሚንጠባጠበው ሁሉ ዘይትም የሞተሩን ጎድን ይዞ ይወርዳል። መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ መካኒኩ ከሥር ተኝቶ የታየውን እርጥበት ሁሉ ቢቆጥር ብዙም አይጠቅምም። የሚፈለገው ከሁሉ በላይና ከሁሉ ወደ ፊት ያለው እርጥብ ነጥብ ነው። ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ፈስሶበት የረጠበ ሊሆን ይችላል።

ይህን ነጥብ ለማግኘት ሞተሩ መታጠብ አለበት። በአቧራማ መንገዶቻችን የሚነዳ መኪና ሞተር የዓመታት ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል፤ በዚያ ላይ አዲሱን ከአሮጌው መለየት አይቻልም። የኤሌክትሪክ ክፍሎቹና የአየር መሳቢያው በፕላስቲክ ተሸፍነው፣ በቅባት ማስለቀቂያ ታጥቦ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ሠላሳና አርባ ኪሎ ሜትር ይነዳና በባትሪ ብርሃን ይታያል። አሁንም ካልታየ ታልክ ፓውደር ነስንሶ አጭር ርቀት መንዳት ይረዳል፤ ዘይቱ በነጩ ላይ መንገዱን ይሥላል። የተሻለ መሣሪያ ያላቸው ጋራዦች ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር ቀለም አላቸው፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ያበራል። አሠራሩ የትኛውም ይሁን መጨረሻው አንድ መሆን አለበት፤ መካኒኩ ጣቱን አንድ ነጥብ ላይ አድርጎ «ይኸው» ማለት መቻል አለበት። እርስዎም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

እዚህ ላይ ስለ መካኒኮቻችን መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ማጠቡ፣ መንዳቱ፣ መፈለጉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አብዛኞቻችን ግን ለፍለጋ መክፈል አንወድም። የምንከፍለው ለተቀየረ ዕቃ ብቻ ነው። መካኒኩ ለመፈለግ ካልተከፈለው አይፈልግም፤ ይገምታል፤ ሲገምት ደግሞ ላለመሳሳት ሲል ትልቁን ሥራ ይጠራል። «ሞተር ይውረድ» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከክፋት ሳይሆን ከዚህ ነው። ጋራዥ ሲገቡ «ፈልገህ አሳየኝ፣ የፍለጋውን እከፍልሃለሁ፤ ጥገናውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» ይበሉ። ለመኪናዬ ከማወጣው ገንዘብ ሁሉ እንደዚህ ያለውን ክፍያ ያህል ሌላ ኪሣራ የሚቀንስ አላውቅም።

ቀጥሎ ፍጥነቱ ነው። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። መኪናዎ በየሌሊቱ 20 ጠብታ ቢጥል፣ ካርቶኑን ሲያዩት የሚያስደነግጥ ቢሆንም፣ በወር 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ በዚህ ሂሳብ አንድ ሊትር ለመሙላት ሦስት ዓመት ሊጠጋ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ቀዳዳ መኪናው ሲቆም ዝም ብሎ ሲሄድ ያፈሳል። ስለዚህ ትክክለኛው ዳኛ የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ዘንጉን ጠርገው መልሰው ይለኩ። በብዙ መኪናዎች በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል ያለው 1 ሊትር ገደማ ነው። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ይጻፉ፤ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመው ይለኩ።

መስመሩ ምንም ካልወረደ የሚያልብ ሞተር አለዎት ማለት ነው፤ እየተከታተሉ ይንዱ፤ በሚቀጥለው ሰርቪስ ይታይ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ጥገናው ይቀጠር። መስመሩ እየወረደ መሬቱ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ወደ ሰማያዊ ያደላ እንደሆነ ይመልከቱ። ያኔ ጥፋቱ ከፒስተን ቀለበቶች ወይም ከቫልቭ ላስቲኮች ነው፤ የውጭ ጋስኬት ቢቀየር አንድ ጠብታ አያድንም።

መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የማይታለፍ ማፍሰስ አለ። በጋለው የጭስ መውጫ ላይ የሚወርድ ዘይት ያጨሳል፣ ይሸታል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ታይሚንግ ቺንጊያ ያለው ሞተር ቺንጊያው ዘይት ከነካው ላስቲኩ ያብጣል፣ ይላጣል፤ ቢበጠስ በብዙ ሞተሮች ቫልቮቹን ይዞ ይሄዳል። ፍሪሲዮን የነካ ዘይት ፍሪሲዮኑን ያሟልጠዋል። በመንገድ ላይ ደግሞ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ መኪናውን አቁመው ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ። መብራቱ የሚናገረው ስለ ግፊት ነው፤ ግፊት አጥቶ የሚዞር ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ኩሽኔቶቹን ይበላል። «እስከሚቀጥለው ማደያ ልድረስ» ማለት ለሞተር ኦቨርሆል መፈረም ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ለምን የሚለው፣ በጋራዦቻችን ከሁሉ የተረሳ ነው። በፒስተኖቹ ጎን ሁልጊዜ ጥቂት ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል። ይህ ጋዝ በትንሽ ቱቦና ፒሲቪ በሚባል ቫልቭ ተስቦ ወደ አየር መግቢያው ተመልሶ ይቃጠላል። ቫልቩ በቆሻሻ ሲዘጋ ጋዙ በሞተሩ ውስጥ ይታፈንና ዘይቱን ካገኘው ደካማ ላስቲክ ሁሉ ገፍቶ ያስወጣዋል። ባለቤቱ አንድ ፓራሊዮ ያስቀይራል፤ በሌላው ይወጣል፤ እሱንም ያስቀይራል። በብዙ ቶዮታዎች ይህ ቫልቭ በቴስታታው ሽፋን ላይ የተሰካ፣ በእጅ የሚነቀል ትንሽ ዕቃ ነው። ሲነቀንቁት ውስጡ ካልተንኳኳ፣ ሽፋኑ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ሲነፉት ካላሳለፈ ተዘግቷል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ይክፈቱ፤ ጭስ በኃይል እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ወይ ቫልቩ ተዘግቷል ወይ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል። ቀለበቶቹ ካለቁ ፓራሊዮ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ይህን አስቀድሞ የሚነግርዎት መካኒክ ወዳጅዎ ነው። ዘይት ከልኩ በላይ መሙላትም ያው ጣጣ አለው፤ ክራንክ ሻፍቱ ይንጠዋል፣ አረፋ ይሆናል፣ መውጫ ይፈልጋል።

ማፍሰሱ የጀመረው ዘይት በተለወጠ ማግስት ከሆነ ከሁሉ አስቀድሞ የዘይት ለዋጩን ሥራ ይመርምሩ። የማፍሰሻው ብሎን ቀለበት ሳይቀየር ቀርቶ ይሆናል። የአሮጌው ፊልትሮ ላስቲክ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ታስሮ ይሆናል፤ ይህ አደገኛ ነው፣ ግፊቱ ድንገት ይገፋውና ዘይቱ ይዥጎደጎዳል። ወይም ሲለወጥ የፈሰሰው ዘይት ከሥር ባለው መከላከያ ላይ ተጠራቅሞ ለቀናት እየተንጠባጠበ ይሆናል፤ ይህ በጨርቅ ይድናል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች 1ዜድዜድ የሚባለውን ሞተር ይዘዋል። ይህ ሞተር ታይሚንጉን የሚያዞረው በካቴና ነው። ካቴናው እንዳይላላ የሚወጥረው ትንሽ መሣሪያ ከውጭ በ2 ዳዶ ይታሰራል፤ በመካከሉም ኦሪንግ የሚባል የላስቲክ ቀለበት አለ። ቀለበቱ ሲደርቅ ዘይቱ በሞተሩ ጎን ቁልቁል ይወርድና ከታች ያለውን ሁሉ ያረጥባል። ከሥር ለሚያይ ሰው የታይሚንግ ሽፋኑ ወይም የፊተኛው ፓራሊዮ ያፈሰሰ ይመስለዋል። የታይሚንግ ሽፋን ማውለቅ ሰፊ ሥራ ነው፤ ቀለበቱን መቀየር ግን ለሚያውቅ ሰው ከአንድ ሰዓት አያልፍም። መወጠሪያው ከመመለሱ በፊት ተጭኖ መቆለፍ እንዳለበትና እሱ ወልቆ ሳለ ሞተሩ መዞር እንደሌለበት ግን ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ካቴናው ጥርስ ይዘላል። ተመሳሳይ መኪና፣ ተመሳሳይ ነጠብጣብ፣ ሁለት ፈጽሞ የማይቀራረቡ ዋጋዎች፤ የሚለያያቸው ላይኛውን እርጥብ ነጥብ ማየት አለማየት ነው።

ከሁሉ የሚፈራው የኋለኛው የክራንክ ሻፍት ፓራሊዮ ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ያለው። ዕቃው ርካሽ ነው፤ እሱ ጋ ለመድረስ ግን ካምቢዮው መውረድ አለበት። በግምት የሚጠራውም ከሁሉ በላይ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ከላይ የሚወርድ ዘይት ሁሉ መጨረሻው እዚያው መጋጠሚያ ላይ ነው። ኮሮላንና ቪትዝን በመሰሉ ሞተራቸው አግድም በተቀመጠ መኪናዎች የሞተሩ አንድ ጎን ወደ ሹፌሩ በኩል ስለሚዞር ከቴስታታው ሽፋን በዚያ በኩል የሚወርደው ዘይት ከላይ አይታይም። ዲስትሪቢዩተር ባላቸው አሮጌ ሞተሮችም የእሱ ኦሪንግ ያው ውሸት ያስወራል። የካምቢዮው የራሱ ፓራሊዮም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ካምቢዮ ይውረድ» ከተባሉ ከላይ ያሉት አንድ በአንድ ደረቅ መሆናቸው ይታይልዎ። በእርግጥ እሱ ከሆነና ካምቢዮው የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ሁኔታ ያስዩ፤ ወደ ማለቁ ከሆነ አብሮ ይቀየር። በአንድ የእጅ ዋጋ ሁለት ሥራ ይሠራል።

አሁን «ስንት ይፈጃል?» ተራው ደርሷል። ጥሩ የዋጋ ግምት የሚያፈስበትን ነጥብ በስሙ ይጠራል፤ ዕቃውን፣ ዓይነቱንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ያስቀምጣል፤ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ይካተት አይካተት ይናገራል፤ ሲፈታ ሌላ ነገር ቢገኝ ሳይደወልልዎ እንደማይሠራ ያረጋግጣል። «ሁሉም ነገር በዚህ ያህል» የሚል ድፍን ዋጋ ከሌላ ጋራዥ ዋጋ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ሁለት ጋራዥ ሲያወዳድሩም መጀመሪያ የሚያወዳድሩት ያገኙትን ነጥብ ይሁን። ነጥቡ ካልተስማማ ዋጋው ቢለያይ አይገርምም።

ዕቃውን ማን ይግዛ የሚለውም የሚከነክን ነው። በአዲስ አበባ ልማዱ ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ሄዶ ገዝቶ ማምጣት ነው። ቁጠባ አለው፤ ነገር ግን በኋላ ካፈሰሰ መካኒኩ ዕቃውን፣ ሻጩ መካኒኩን ይወቅሳል፤ መሐል የሚቀሩት እርስዎ ነዎት። የምመክረው ጋራዡ በደረሰኝ ገዝቶ ለዕቃውም ለሥራውም እንዲጠየቅ ነው፤ ካልሆነም ከመካኒኩ ጋር አብሮ መግዛት። ኦሪጅናል ወይስ ኮፒ ለሚለው ደግሞ መለኪያዬ እዚያ ለመድረስ የሚወጣው የእጅ ዋጋ ነው። ካምቢዮ አውርዶ ኮፒ ፓራሊዮ ማስገባት ከንቱ ቁጠባ ነው። ከላይ በቀላሉ ለሚፈታ ጋስኬት ግን ደህና ስም ያለው ተተኪ ይበቃል።

ርካሽ ዋጋ ሲቀርብልዎ ሲሊኮን ይሆን ብለው ይጠይቁ። ሲሊኮን አምራቹ ባዘዘበት መጋጠሚያ ላይ ትክክለኛ ዕቃ ነው። ጋስኬት ባለበት ቦታ ላይ በብዛት ሲቀባ ግን ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ኮፓ ውስጥ ይወድቃል፤ የፖምፓውን ወንፊት ይዘጋል፤ ትንሽ ማፍሰስ የነበረበት ሞተር ዘይት አጥቶ ይነክሳል። የቴስታታውን ሽፋን ብሎኖች «አጥብቄ አቆምኩት» ማለትም ጥገና አይደለም፤ ብሎኖቹ በትንሽ ኃይል የሚታሰሩ ስለሆኑ ሲጠብቁ ሽፋኑን ያጣምማሉ ወይም ይሰነጥቃሉ። ወፍራም ዘይት መሙላትና ማፍሰስ ያቆማል የሚባል ፈሳሽ መጨመር ነጠብጣቡን ለጊዜው ሊቀንሱ ይችላሉ። ቪቪቲ (የቫልቮቹን ጊዜ የሚያስተካክል ሥርዓት) ያላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮች ግን አምራቹ ያዘዘውን ቅጥነት ይፈልጋሉ፤ ዘይት መቀየር ካለበት መጽሐፉ በሚለው ብቻ ይሁን።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎች ሂሳቡ ይገለበጣል። እዚያ ውዱ ዕቃው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ጋራዦች እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ከሚተምን መጽሐፍ ወስደው በሰዓት ዋጋቸው ያባዛሉ። ስለዚህ ስንት ሰዓት እንደተያዘና የሰዓቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ ሁለት ሥራዎች አንድ ዓይነት መፍታት የሚጠይቁ ከሆነ ሰዓቱ ሁለቴ እንዳይቆጠር ተመልከቱ። በካሊፎርኒያ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ግምት መስጠትና የባለቤቱን ፈቃድ መቀበል የሕግ ግዴታ ነው።

ሥራው ሲያልቅ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ይጠይቁ፤ ደርቆ የተሰነጠቀ ላስቲክ ራሱ ይናገራል። ሞተሩ ታጥቦ ይረከቡ፤ ነጥቡን ደረቅ ሆኖ ፎቶ ያንሱት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮፈኑን ከፍተው ያንኑ ነጥብ በባትሪ ይመልከቱ፤ የዘይቱንም መጠን ይለኩ። እርጥብ ከሆነ በዚያው ሳምንት፣ ሁለቱን ፎቶዎችና ደረሰኙን ይዘው፣ መኪናውን ወደ ሠራው ሰው ይመልሱ።